ምንጩ የጋራ፣ እንስራው የየግል፦ የቤት ኮምፒዩተር ታሪክና የፊደላችን ዕጣ

መግቢያ

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተሰባስበን ስለ ኮምፒዩተርና ስለ አማርኛ ወሬ ከተነሣ፣ ጨዋታው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው አንድ የታወቀ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ «የግዕዝን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒዩተር ላይ ያወጣው ማነው?» ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ እገሌ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ እገሌ ይቀድመዋል ይላል፤ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ቡናው ይቀዘቅዛል። ይህ ጸሐፊ በሙያው መሐንዲስ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ አሮጌ ኮምፒዩተር መፍታትና መግጠም የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ በዚህ ክርክር ላይ ፍርድ እንዲሰጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠይቋል። ፍርድ አልሰጥም። ለሠሩት ሁሉ፣ ለቀደሙትም ለተከተሉትም፣ ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ከዋናው ነገር የሚያዘናጋን ይመስለኛል።

ዋናው ጥያቄ በእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ፊደላችን በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር ላይ ከታየ በኋላ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያለ ችግር እንዲያነበው እስከ 2000ዎቹ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? በመካከሉ ባሉት ዓመታት የተጻፈውስ ዛሬ የት ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሶ የቤት ኮምፒዩተርን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። የፊደላችን ታሪክ የዚያ ታሪክ አንድ ቅርንጫፍ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካቲት 1967 ዓ.ም. በሁለት አገር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ያደረገውን አዋጅ አወጣ። በማግስቱ፣ ማለትም ማርች 5 ቀን 1975፣ በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በምትባል ከተማ፣ ጎርደን ፍሬንች በተባለ ሰው ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። ሁለቱን ድርጊቶች ከቀኑ መቀራረብ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ቢሆንም ዘመኑ «ይህ ነገር የማን ነው?» የሚባልበት ዘመን ነበር። አዲስ አበባ ላይ የተነሣው መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ሜንሎ ፓርክ ጋራዥ ውስጥ የተነሣው ደግሞ ማሽኑ የማን ነው የሚለው ነበር።

እስከዚያን ጊዜ ድረስ ኮምፒዩተር የመንግሥት፣ የባንክ፣ የጦር ሠራዊትና የዩኒቨርሲቲ ንብረት ነበር። ክፍሉን የሚሞላው ማሽን ባለሟሎች ነበሩት፤ ተራው ሰው ጥያቄውን በካርድ በስቶ በመስኮት ያስረክባል፣ መልሱን ተመልሶ ይቀበላል። ማሽኑን በእጁ መንካት አይፈቀድለትም። ይህን ሥርዓት የነቀነቀው በጃንዋሪ 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔት በሽፋኑ ላይ ያወጣው አልቴር 8800 የሚባል ሣጥን ነው። የሠራው ኤድ ሮበርትስ ይባላል፤ ኩባንያው ሚትስ፣ ቦታው በኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ ነበር። ገዢው ከ400 ዶላር በታች ከፍሎ የሚደርሰው የተበታተነ ዕቃ ነው፤ በያጁን ይዞ ራሱ ይገጣጥመዋል። የጽሕፈት ገበታ የለውም፤ ስክሪንም የለውም። ማስታወሻው 256 ባይት ብቻ ነው፤ ይህች የምታነቧት አንቀጽ እንኳ አትገባበትም። ፊት ለፊቱ ላይ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ እሱም ትናንሽ መብራቶችን በማብራትና በማጥፋት ይመልሳል።

ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ለምንም። ሆኖም ሰዉ ተሻማበት። ምክንያቱም በሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ባለቤቱ እንዳሻው የሚፈታው ኮምፒዩተር ነበር። በፍሬንች ጋራዥ የተሰበሰቡት ሰዎች ይህን ሣጥን ለማየትና ስለ እሱ ለመነጋገር የመጡ ናቸው። ማኅበራቸውን «ሆምብሩ የኮምፒዩተር ክበብ» አሉት፤ ሆምብሩ ማለት ቤት ውስጥ የተጠመቀ ማለት ነው። ለጠላ ሰፈር ሰው ትርጉሙ አይጠፋውም! የክበቡ ደንብ ያልተጻፈ ግን የታወቀ ነበር፦ የምታውቀውን ንገር፣ የማታውቀውን ጠይቅ፣ የሠራኸውን አሳይ። ስቲቭ ዎዝኒያክ የተባለው ወጣት መሐንዲስ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነበር፤ በኋላ አፕል አንድ የተባለውን ማሽን ሲነድፍ፣ ንድፉን እያባዛ ለክበቡ አባላት በነጻ ያድል ነበር። ከዚያ ክበብ አባላት እጅ ብዙ ኩባንያዎች ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ላንሣ፤ ለፊደላችን ጉዳይ ቁልፉ እሱ ነውና። አልቴር ውስጥ ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩበት አንድ መቶ መስመር ያለው መጋጠሚያ ነበር። ሌሎች አምራቾች በዚያው መጋጠሚያ ልክ ካርድ መሥራት ጀመሩ፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎችም ራሱን መጋጠሚያ ወስደው የየራሳቸውን ኮምፒዩተር ሠሩበት። ስሙንም «ኤስ 100» አሉት፤ በ1983 የመሐንዲሶች ማኅበር መደበኛ ደረጃ አድርጎ አጸደቀው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ካርዱ የየግል ነው፣ ይሸጣል፣ ትርፍ ያስገኛል፤ መጋጠሚያው ግን የማንም አይደለም። ገበያው የደራው መጋጠሚያው የጋራ በመሆኑ ነው። ባገራችን ምንጩ የመንደሩ ነው፣ እንስራው ግን የእያንዳንዷ ሴት ነው። ምንጩን አጥሬ ልሽጥ የሚል ቢነሣ መንደሩ ይጠማል።

የወጣቱ ደብዳቤና ሁለቱ እውነቶች

ነገሩ ግን በፍቅር ብቻ አልቀጠለም። ቢል ጌትስና ፖል አለን ለአልቴር ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው ነበር። ፕሮግራሙ በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ጥቅልል ከክበቡ ሰዎች እጅ ገባና ተባዝቶ ታደለ። በፌብሩዋሪ 1976 ጌትስ፣ ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ለትርፍ ጊዜ ኮምፒዩተረኞች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አብዛኞቻችሁ ፕሮግራም ትሰርቃላችሁ አላቸው፤ እኛ ያገኘነው ገንዘብ ለደከምንበት ጊዜ ቢካፈል በሰዓት ሁለት ዶላር አይሞላም፣ ያለ ክፍያ ማን ጥሩ ነገር ይሠራል አለ።

ደብዳቤው ብዙዎችን አስቆጣ። ከቁጣ ይልቅ ሥራ የመረጡም ነበሩ፤ በዚያው በ1976 ሥራውን የጀመረው ዶክተር ዶብስ የተባለ መጽሔት «ታይኒ ቤዚክ» የሚባል ትንሽ የቤዚክ ዓይነት ከነሙሉ ጽሑፉ አትሞ፣ ያሻው ይውሰድ፣ ያሻው ያሻሽል ብሎ ለቀቀው። ዛሬ ክፍት የሚባለው የፕሮግራም አሠራር ሁሉ ከዚያ ዓይነት መንፈስ የተወለደ ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ሲያነሡ ወይ ከጌትስ ወይ ከክበቡ ጋር ይወግናሉ። ለእኔ ሁለቱም እውነት አላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ዋጋውን መጠየቁ ነውር አይደለም። ጎረቤቶች የሚገናኙበት መንገድ ላይ ግን ቀረጥ መጣል ሁሉንም ይጎዳል፤ ቀረጥ ጣዩንም ጭምር። በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ የውስጥ አሠራሩን በመጽሐፍ አትሞ ሸጠ። እነ ኮምፓክ ከእሱ ጋር የሚስማማ ማሽን ለመሥራት አልዘገዩም። አይቢኤም ከገበያው ድርሻውን አጣ፤ ማሽኑ ግን ዓለምን ሞላ። በየማኅበራችን ቢሮ፣ በየአዲስ አበባው ጽሕፈት ቤት የገባው የዚያ ማሽን ዘር ነው።

የሌሊት ስልክ

ማሽኖቹ በየቤቱ ከገቡ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት ይነጋገሩ የሚለው ነበር። በጃንዋሪ 1978 ቺካጎን ታላቅ የበረዶ ወጀብ መታት። ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ የተባሉ ሁለት የኮምፒዩተር ወዳጆች በዚያ ሰሞን ሥራ ጀምረው፣ በፌብሩዋሪ ላይ ሰው በስልክ ደውሎ መልእክት የሚተውበትና የሌላውን መልእክት የሚያነብበት የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ማስታወቂያ ሰሌዳ ከፈቱ። በአንድ ጊዜ የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች በየከተማው በሺህ ተቆጠሩ። ባለቤቶቻቸው የስልኩንም የመብራቱንም የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነበር።

በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው እነዚህን ሰሌዳዎች እርስ በርስ አያያዛቸው። መረቡን ፊዶኔት አለው። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው፦ የስልክ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊት እያንዳንዱ ማሽን ለጎረቤቱ ማሽን ይደውላል፣ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ያስረክባል፣ የራሱን ይቀበላል፣ ይዘጋል። ደብዳቤው እንደ ጥንቱ መልእክት በቅብብል ይሄዳል። መሥሪያ ቤት የለው፣ ባለ አክሲዮን የለው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ከ30 ሺህ በላይ ማሽኖች በዓለም ዙሪያ ያገናኝ ነበር።

ይህ ታሪክ እኛን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው በ1997 መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። የተጠቀመበትም ዘዴ ያው የጄኒንግስ ፊዶኔት ነው። ለምን ቢባል፣ ለደካማ የስልክ መስመርና ለውድ ዓለም አቀፍ ጥሪ ከእሱ የሚስማማ አልነበረም። መስመሩ ለጥቂት ደቂቃ ከተገኘ ደብዳቤው ይሄዳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ኢሜይሎች ብዙዎቹ የተጓዙት አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ለደስታው ብሎ በሠራው መንገድ ላይ ነው። የመንገዱን አሠራር አጥሮ ቢሸጠው ኖሮ እነዚያ ደብዳቤዎች ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው።

ደብዳቤዎቹ ግን በአማርኛ ፊደል አልነበሩም። በእንግሊዝኛ፣ ወይም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበሩ።

ፊደላችን ማሽን ፊት ሲቀርብ

የግዕዝ ፊደል አዲስ መሣሪያ ሲገጥመው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ፊደሉ ከማተሚያ ቤት ጋር የተዋወቀው በስደት አገር ነው ማለት ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ የመጣው የጽሕፈት መኪና ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ለማስማማት ደከሙ። በዚያ መኪና ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ ስለሆነ፣ የፊደሉ አካልና የድምፁ ምልክት ተለያይተው በሁለት ምት ይጻፉ ነበር። ይነበባል፣ ግን አያምርም። ከዚያም ጋር ተያይዞ «ፊደሉ ይቀነስ፣ ለመኪና አይመችም» የሚል ክርክር በሃያኛው መቶ ዘመን ደጋግሞ ተነሣ።

ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ችግሩ በቁጥር ሊገለጽ የሚችል ሆነ። ማሽኑ ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ብቻ ያውቃል። በ1963 አሜሪካኖች የወጠኑት አስኪ የተባለው ሰንጠረዥ 128 ቦታ ነበረው፤ በኋላ ወደ 256 ሰፋ። እኛ ደግሞ 33 ፊደል በሰባት ስናባዛው 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ሃያው የግዕዝ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ወደ 300 ይደርሳል። ከ256ቱ ቦታ ግማሹ አስቀድሞ በላቲኑና ማሽኑ ለራሱ በሚጠቀምባቸው ምልክቶች ተይዟል። ሦስት መቶ እንግዳ መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ እንደማስተናገድ ነው።

በ1980ዎቹ በአሜሪካና በሌላም ቦታ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ችግር ፈቱት። እነዚህ ሰዎች ቀን በየሙያቸው የሚሠሩ፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ቤታቸው የሚደክሙ ነበሩ፤ ማለትም በመንፈስ የዚያ የሜንሎ ፓርክ ጋራዥ ዘመዶች ናቸው። ዳሸን የሚለው ስም የዚያ ዘመን ነው፤ ሌሎችም ነበሩ። በኋላ አገር ቤት ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱ ታወቁ። መፍትሔው በጥቅሉ ይህ ነበር፦ የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ፊደል መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ፣ ካልበቃም በሁለትና በሦስት የፊደል ፋይል ማከፋፈል። ማሽኑ የላቲን ፊደል የያዘ ይመስለዋል፤ ልብሱን የአማርኛ ያደርግለታል። ሲታተም የሚያምር አማርኛ ይወጣል። ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነበር፤ ጋዜጣ ወጣበት፣ መጽሐፍ ታተመበት፣ የሠርግ ጥሪ ሳይቀር ተጻፈበት።

ችግሩ ማን የት እንደሚቀመጥ የተስማማ አለመኖሩ ነው። አንዱ «ሀ»ን በአንድ የላቲን ፊደል ቦታ ሲያስቀምጥ፣ ሌላው በዚያው ቦታ «መ»ን አስቀመጠ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ገበታ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ባቢሎን ነው። የኢሜይል መልእክት ስንልክ የፊደል ፋይሉን አብረን ማያያዝ ነበረብን። ድረ ገጾችም «ይህን ለማንበብ መጀመሪያ ይህን ፊደል ይጫኑ» ይሉ ነበር። ይህ ሲሰለች ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ መጣ፤ ይህ ደግሞ ሰው ያነበዋል እንጂ ማሽን አይፈልገውም፣ አይቀዳውም።

የየፕሮግራሙ ባለቤት ሥራውን መሸጡ ትክክል ነበር። ጌትስ የተናገረው ቅሬታ በእነዚህም ሰዎች ላይ ደርሷል፤ ፕሮግራማቸው በየዲስኩ ተገልብጦ ያለ ክፍያ ዞሯል። ስለዚህ ገበታቸውን ቢደብቁ የሚገርም አይደለም። ውጤቱ ግን እንስራውን ለመጠበቅ ሲባል ምንጩ መታጠሩ ነው። ፕሮግራሙ ሸቀጥ ነው፤ «ሀ» የት ትቀመጥ የሚለው ግን ሸቀጥ አይደለም።

በዚህ መሀል ሌላ መንገድ የያዙ ሰዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን አጻጻፍ አዘጋጁ። ሴራ ማለት እዚህ ላይ ተንኮል አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻር ነው። ሥራው አማርኛን በተራ የላቲን ፊደላት፣ በታወቀና በማይለዋወጥ ሕግ መጻፍ ነው። ትልቁና ትንሹ ላቲን ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ «ተ» በትንሹ ከሆነ «ጠ» በትልቁ ይሆናል። ለዓይን አያምርም፤ ነገር ግን በማንኛውም ማሽን፣ በማንኛውም ኢሜይል ያለ ጉዳት ያልፋል፣ ወደ ፊደልም ይመለሳል። ሕጉም ለሁሉም የተገለጸ ነበር። ዛሬ በስልካችን በላቲን ድምፅ እየነካን አማርኛ ስንጽፍ የምንከተለው ልማድ የዚያ አስተሳሰብ ቅርብ ዘመድ ነው።

የ«ሀ» ቁጥር 4608

መፍትሔው በመጨረሻ የመጣው ከጋራዥ አይደለም፤ ይህንንም ሳንሸፋፍን መናገር ይገባል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዜሮክሱ ጆ ቤከር፣ ከአፕል ደግሞ ሊ ኮሊንስና ማርክ ዴቪስ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ ይኑር አሉ። ዩኒኮድ ተባለ። በገበያ የሚፋለሙ ታላላቅ ኩባንያዎች በዚህ ነገር ላይ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ፤ ምንጩ የጋራ ካልሆነ ሁሉም እንደሚጠማ ገብቷቸዋልና። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ዩኒኮድ ውስጥ የእኛ ፊደል አልነበረም። በሴፕቴምበር 1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ግን 345 የግዕዝ ምልክቶች ገቡ፤ ለዚህም ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለዓመታት ደክመዋል። በ2005፣ በ2010ና በ2021 የወጡት እትሞች ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላትን ጨመሩ። በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ሲመጣ፣ «መጀመሪያ ይህን ፊደል ይጫኑ» የሚለው ማሳሰቢያ ማርጀት ጀመረ።

አሁን «ሀ» በዓለም ላይ ባለ ማሽን ሁሉ ቁጥሯ 4608 ነው። የሰንጠረዡ አሠራር ለመሐንዲስ ዓይን ደስ የሚል ነገር አለው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት መቀመጫ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው በአብዛኛው ለዲቃላው። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለስምንት ብታካፍሉት ቀሪው ድምፁን ይነግራችኋል፤ ቀሪ ዜሮ ግዕዝ፣ ቀሪ አንድ ካዕብ፣ እያለ እስከ ስድስት፣ እሱም ሳብዕ። «ም» 4637 ናት፤ ለስምንት ስትካፈል አምስት ይተርፋል፣ ሳድስ ማለት ነው። የቄስ ትምህርት ቤቱ የፊደል ገበታ እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። «ፊደሉ ይቀነስ» የሚለው ክርክር፣ ቢያንስ በማሽን ሰበብ የሚነሣው፣ እዚህ ላይ አበቃ። ማሽኑ አልተቸገረም፤ የተቸገርነው ባለመስማማታችን ነበር።

የታሰረው አሥራ አምስት ዓመት

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ የጻፍነው የት ነው? ያ ዘመን እንዲሁ ዘመን አልነበረም። የደርግ ውድቀት፣ የሽግግሩ ክርክር፣ የኤርትራ መለየት፣ የ1998ቱ ጦርነት፣ በስደት የተመሠረቱ የመረዳጃ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ፣ የእነዚህ ሁሉ መግለጫ፣ ቃለ ጉባኤና መጽሔት የተጻፈው በእነዚያ የየግል ገበታዎች ነው። ዛሬ ፋይሉ ቢገኝ እንኳ ሲከፈት የሚታየው ነጥብና ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል ክምር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመረዳጃ ማኅበር የ1990ዎቹን የዜና መጽሔቱን ፋይሎች እንዳነብለት ጠይቆኝ ነበር። ፍሎፒዎቹ አብዛኞቹ ተነበቡ፤ የፊደል ፋይሉ ግን አልተገኘም፤ ፕሮግራሙን የሸጠላቸው ሰው አድራሻም ጠፍቷል። ሥራው ምስጢራዊ ጽሑፍ እንደመፍታት ሆነ። መጀመሪያ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚመጣውን ምልክት ያዝኩ፤ አራት ነጥብ መሆን አለበትና። ቀጥሎ እያንዳንዱ ምልክት ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቆጠርኩ፤ በአማርኛ እነ «ን»፣ «ት»፣ «ው»፣ «የ» ከሌሎቹ ይበዛሉ። እውነተኛው ቁልፍ ግን ሌላ ነበር፤ አንዲት እናት የአንዱን እትም የታተመ ቅጂ መሳቢያቸው ውስጥ አኑረውት ኖሯል። ወረቀቱንና ፋይሉን ጎን ለጎን አድርጌ ገበታውን በሦስት ቅዳሜ እሑድ ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ የአሥር ዓመት መጽሔት በአንድ ደቂቃ ተገለበጠ። ስብሰባ የተጠራባቸው፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የተዋጣባቸው፣ የመጀመሪያው የልጆች አማርኛ ትምህርት የተከፈተባቸው ቀናት ሁሉ ወጡ።

ያ ወረቀት ባይኖርስ? ደግሞስ ስንት ማኅበር ነው ፍሎፒው ከዕቃ ጋር የተጣለበት? የፍሎፒ መግነጢስ ዕድሜ አለው። በሰው ቤት ያኖርነውም አላመነንም። ጂኦሲቲስ የተባለው ነጻ የድረ ገጽ መንደር በ2009 ተዘጋ፤ ከፊሉን ያተረፉት በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ የኮምፒዩተር ወዳጆች ናቸው። ብዙ ወገኖቻችን የተከራከሩባቸው የያሁ ቡድኖችም በ2020 ማብቂያ ላይ ጨርሰው ተዘጉ።

ዛሬ ነገሩ የበለጠ አጣዳፊ ሆኗል። ማሽኖች ቋንቋ የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው። በእነዚያ ገበታዎች የተጻፈው አማርኛ በማሽን ዓይን አማርኛ አይደለም፤ የተበላሸ ላቲን ነው። ማሽን ሲፈልግ አያገኘውም፤ ሲቆጥርም አይቆጥረውም። አማርኛ ጽሑፍ የላቸውም ሲባል እንሰማለን፤ ጽሑፍስ አለን፣ ታስሮ ነው።

ምን ይደረግ?

የትርፍ ጊዜ ኮምፒዩተረኞች ካስተማሩን ነገር ትልቁ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ በእጅ ያለውን መጀመር ነው። በእኔ አስተያየት የሚከተሉት ከማንም አቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ አሮጌ ፍሎፒ፣ ሲዲ ወይም ኮምፒዩተር ያለው ሰው አይጣል። በተለይ የፊደል ፋይሉን ያስቀምጥ፤ የፊደል ፋይሉ ማለት ቁልፉ ማለት ነው። የታተመ ቅጂ ካለም አብሮ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የያኔዎቹ ፕሮግራም ሠሪዎች፣ በሕይወት ያላችሁ ሁሉ፣ ገበታችሁን አውጡልን። ፕሮግራማችሁን አይደለም የምንለምነው፤ ያ የድካማችሁ ዋጋ ነው። የምንለምነው «ሀ»ን የት እንዳስቀመጣችሁ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው። ገበያው ካለፈ ቆይቷል፤ ይህን በመስጠት የምታጡት ነገር የለም። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክርም ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ይህ ይፈታዋል፤ ሥራችሁ የሚታየው በእሱ የተጻፈው ሲነበብ ነውና።

ሦስተኛ፣ መገልበጫ ፕሮግራም የጻፍን ሰዎች ከነሙሉ ጽሑፉ በነጻ እንልቀቀው። አንዱ በሦስት ቅዳሜ እሑድ የሠራውን ሌላው እንደገና አይሥራው። ማኅበራትም የተገለበጠውን አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ያስረክቡ።

አራተኛ፣ ዛሬ የምንጽፈውን እናስብበት። አሁን አብዛኛው ክርክራችን በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ ነው። ፊደሉ የጋራ ሆኗል፤ ግቢው ግን የሰው ነው። ባለቤቱ በሩን የዘጋ ቀን ምን ይዘን እንደምንወጣ ከጂኦሲቲስ ልንማር ይገባል። ቁም ነገር የጻፈ ሰው ቅጂውን በራሱ እጅ ያኑር።

ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ማቋረጥ ለሚያቅታቸው ወዳጆቼ አንድ ሐሳብ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ላይ ስትገናኙ እያንዳንዳችሁ አንድ አሮጌ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። ክርክሩን በዚያው ቀጥሉ፤ እኔ ደግሞ ዲስኮቹን ላንብብ።

ቸር ያሰማን።